ደረሰኝ

ጋሽ ባዘዘው፣
ሽምብጥ ካለው ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱን ከፍቼ ጣና ሲተኛ ሳይ፣
ሁለት ፕሮግራሞችን ላነጋግር ብዬ
ሦስት ሌሊት ሆነኝ እንቅልፌን ጥዬ።

አንደኛው ሽያጭ ነው፣ እዚህ ከተማ ያለ፣
ትእዛዝ ይቀበላል ዋጋ እያሰላሰለ፤
ሁለተኛው መጋዘን፣ ከውሃው ማዶ፣ ጎርጎራ፣
በረዶ ቤት ቁጭ ብሎ ዓሳ ይቆጥራል በተራ።

ሁለቱም “ብዛት” ይላሉ፣ ልባቸው ግን አልገጠመ፤
አንዱ ኪሎ ማለቱ ነው፣ ሌላው ሣጥን እያለመ።
አንዱ ዘመኑን በመስከረም ሲከፍት፣
ሌላው በፈረንጅ ጥር ያድሳል ዓመት።
እኔ ከመሀል ተቀምጬ አስተርጓሚ ሆንኩ፣
ሣጥን በኪሎ እየመነዘርኩ፣ ወርን ከወር እያዛመድኩ።
ጳጉሜ ብቻ ቤት አጣች፣
አምስት ቀኗን ታቅፋ ደጅ ላይ ቀረች፤
ለሷ ስል አንዱን ሌሊት ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

ከዚያ የመጀመሪያው መልእክት ሄደ፦
ሠላሳ ሣጥን ቀረሶ፣ ለወይዘሮ እማዋይሽ ሆቴል።
ሄደ።
ዝም።

ጎርጎራ ለካ መብራት ጠፍቷል፤
የኔው ፕሮግራም “አልሰሙኝም” ብሏል፣
ደግሞ ልኳል፣
ሠልሶ ልኳል።
መብራቱ ሲመጣ መጋዘኑ ሦስቱንም ሰማ፣
ሦስቱንም አመነ፣ ሦስቱንም ጫነ በጨለማ።
ሲነጋ ወደቡ ላይ ዘጠና ሣጥን ዓሳ፣
በረዶው ሲቀልጥ፣ አሞራው ሲነሳ።
ወይዘሮ እማዋይሽ ደወሉልኝ፦
“አንቺ ልጅ፣ ጣናን ጨልፋችሁ ነው እንዴ የላካችሁልኝ?”

ይኼን ጊዜ ነው ቦርሳዎ ትዝ ያለኝ።
ያ የቆዳው፣ ማንገቻው በሲባጎ የታሰረው፣
ነጭ፣ ሮዝ፣ ቢጫ ቅጂ ላስቲክ ተጠቅልሎ የሚያድርበት።
በጀልባ ሁለት ቀን፣ እምቦጩን እየሰነጠቁ፣
ጎርጎራ ሲደርሱ “ውሃ ይጠጡ” ቢባሉ፣ እምቢ፤
መጀመሪያ ፊርማ። ስንት ተረከብክ? መቼ? ስምህ ማነው?
ሮዟን ቅጂ ሳይዙ እግርዎ ጀልባ አይረግጥም።
እኛ ሳቅንብዎት። “አዝጋሚ” አልን።

ኮምፒውተሩ ሲተከል፣
ቦርሳዎ ምስማር ላይ ሲሰቀል፣
ሰሌዳው ላይ አንድ ቀስት ሣልኩልዎት፣
ከባሕር ዳር ጎርጎራ፣ ቀጥ ያለ፤ “ይኸው፣ ሄደ” አልኩዎት።
እርስዎ ቀስቱን አይተው፣
መነጽርዎን ጠርገው፣
“መሄዱንማ ዓባይም ይሄዳል፤
የቁራ መልእክተኛ ግን ቤት ያፈርሳል።
መመለሻውን ሣዪው” አሉኝ።
መስማትማ ሰምቼ ነበር፤
ደረሰኝ አልሰጠሁም።

ዛሬ መመለሻውን ሣልኩት።
ለያንዳንዱ መልእክት ቁጥር አንገቱ ላይ አሰርኩለት፤
ያው ቁጥር ሁለቴ ቢመጣ
“ሰምቻለሁ” ይበል እንጂ ሣጥን ከበረዶው አያውጣ።
መብራት ቢጠፋ፣ ወረፋ ይዞ ይጠብቅ፤
እንደ ታንኳ፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ከደንገሉ ይወሸቅ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ከማዶ፣
አንድ ቃል መጣ ውሃውን ቀዶ፦
ደረሰኝ።
ሠላሳ ሣጥን። አንዴ።

ብቻዬን ሳቅሁ፤ ዘበኛው ይርዳው ከበሩ ቀና ብሎ አየኝ።
ለማን ልንገር ብዬ ስልኬን ሳነሳ ነው ያገኘሁት፣
ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የተቀመጠ፦
“ልጄ፣ ዓይኔን ታክሜ ተመለስኩ።
ፊደሉ ሁሉ አዲስ ሆነብኝ። ሥራ እንዴት ነው?”
የእርስዎ መልእክት። ሁለት ወር ሞላው።
ከታቹ የኔ ነገር የለም። ነጭ ነው።

“ደረሰኝ፣ ጋሽ ባዘዘው” ብዬ ጻፍኩ፣
ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ላኩ።

አንድ ምልክት ብቻ ታየ፣ ሁለተኛው ቀረ፤
ከውሃው ጫፍ ጎሕ ሊቀድ ጀምሮ ነበረ።
ደግሜ አልልክም።
መብራት ጠፍቶ ይሆናል እርስዎ ዘንድ፤
ወረፋ ላይ ነኝ።